መሄድና መወሰድ

“ሄደ” እና “ተወሰደ” የሚሉት ሁለት የአማርኛ ግሦች አንዱን ነገር በሁለት ወገን ያሳያሉ። ሁለቱም አንድ ሰው ከነበረበት ስፍራ ተነሥቶ ሌላ ስፍራ መድረሱን ይናገራሉ፤ ዳሩ ግን የመጀመሪያው ሰውየውን የጉዞው ባለቤት ሲያደርገው፣ ሁለተኛው እንደ ጭነት ይቆጥረዋል። የሰዋስው ሥራ በዚህ ያበቃል፤ የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚጀምረውም ከዚሁ ላይ ነው። በጦርነት፣ በአደጋ ወይም በደዌ እግሩን ያጣ ሰው ከዚያች ዕለት ጀምሮ “ተወሰደ” ለሚለው ግሥ ተላልፎ የተሰጠ ነውን? ወይስ ያለ እግርም መሄድ ይቻላል? የሚቻል ከሆነስ ይህ ይሆን ዘንድ ዕዳው የሚወድቀው በማን ላይ ነው?

ይህ ጥያቄ አስፋልት በተነጠፈበት ከተማ ለሚኖር ሰው የሐሳብ ጨዋታ መስሎ ሊታየው ይችላል። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን የዕለት ኑሮ ጥያቄ ነው። ጉና ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ለዚህ አገር ውኃውንም ውርጩንም ያከፋፍላል። ከግርጌው የተዘረጋው ደጋ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ በተጓዘ ቁጥር እየተሰነጠቀና እየተሸረሸረ ሄዶ በመጨረሻ በበሽሎና በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ይቆማል። ስማዳን ከወሎ የሚለያት በሽሎ ነው፤ ከጎጃም የሚለያት ዓባይ ነው። በዚህ አገር አንዱ ጎጥ ከሌላው ጎጥ በዓይን ይተያያል፤ እረኛው ከማዶ እረኛ ጋር በድምፅ ይነጋገራል፤ በእግር ወርዶ ለመውጣት ግን እኩለ ቀን ያልፋል። ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በአቀበትና በቁልቁለት ነው።

እግርን የሚነጥቁ ምክንያቶችም በዚህ ምድር ጥቂት አይደሉም። በ1982 ዓ.ም. በደርግ ሠራዊትና በኢሕአዴግ መካከል በጉናና በደብረ ታቦር ዙሪያ ከባድ ውጊያ ተካሂዷል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት ነፋስ መውጫን ዘልቆ እስከ ጉና ደርሷል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭትም በቁስለኛ ላይ ቁስለኛ ጨምሯል። ከጦርነት ውጭ ገደል አለ፤ በልጅነታቸው ፖሊዮ ይዟቸው እግራቸው የሰለለ ጎልማሶች አሉ፤ የተሰበረ አጥንት ለመጠገን ሲባል ከልክ በላይ ጠብቆ የታሰረ እንጨት የደም ዝውውርን አግዶ እግርን ለመቆረጥ የሚያበቃበት ጊዜም አለ። ምክንያቱ የተለያየ ነው፤ ፍጻሜው አንድ ነው። ትናንት አቀበቱን በአንድ ትንፋሽ ይወጣ የነበረ ሰው ዛሬ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አቀበቱን ያያል።

ኅብረተሰቡ ለዚህ ሰው ያለው ጥንታዊ መልስ ቃሬዛ ነው። ሁለት ረጃጅም እንጨቶች፣ በመካከላቸው የተወጠረ ጠፍር ወይም ገመድ፣ በላዩ የተነጠፈ ጋቢ፤ መሣሪያው ይኸው ነው። ጎረምሶች በየተራ ትከሻቸውን እየሰጡ፣ ዳገቱን በእግር ጣታቸው፣ ቁልቁለቱን በተረከዛቸው እየቆነጠጡ በሽተኛውን ጤና ጣቢያ ያደርሱታል። ዋጋ አይጠየቅበትም፤ ዛሬ የተሸከመ ነገ ይሸከሙታልና። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚለውን ተረት ትርጉም ለማየት የሚሻ ሰው አንድ ቀን ቃሬዛ ተከትሎ ቢሄድ ይበቃዋል። ስለዚህ በቃሬዛ ላይ ማናቸውም ነቀፋ ከመሰንዘሩ በፊት ምስጋናው መቅደም አለበት። መንግሥት ባልደረሰበት፣ መኪና ባልገባበት ስፍራ የሰውን ሕይወት ሲያተርፍ የኖረ የሕዝብ ተቋም ነው።

ዳሩ ግን ቃሬዛ ምክንያት ይጠይቃል። ለሕመም ይወጣል፤ ምጥ ለጠናባት ይወጣል፤ ለአስከሬን ይወጣል። ገበያ ውሎ ለመምጣት፣ በዘመድ ሠርግ ላይ ለመታደም፣ በጥምቀት ዋዜማ ታቦት አጅቦ ወንዝ ዳር ለማደር፣ ወይም አፋፍ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ከበሽሎ ማዶ ስትወጣ ለማየት ግን ቃሬዛ አይወጣም። ማንም ሰው ስምንት ጎረምሶችን ከእርሻቸው አስነሥቶ “ዝም ብዬ ወጣ ማለት አማረኝ” ሊላቸው አይደፍርም። እግር ያለው ሰው ይህንኑ በየቀኑ ያደርገዋል፤ ለምን እንደ ወጣ የሚጠይቀውም የለም። እንግዲህ እግር ለሰው የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ፍጥነት አይደለም፤ ያለ ምክንያት የመውጣት መብት ነው። እግሩን ያጣ ሰው አስቀድሞ የሚያጣውም ይህንኑ መብት ነው።

አጣጣሉን ደረጃ በደረጃ ለመከታተል አንድ የስማዳ ገበሬ በዓይነ ኅሊና ይታይ። እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል፤ ቁስሉ ድኗል፤ ክንዱና አእምሮው እንደ ቀድሞው ናቸው። መጀመሪያ የምትቀርበት ገበያ ናት፤ “ሚስቱ ትሄድ የለም ወይ?” ይባላል። ቀጥሎ ማኅበሩ ይቀራል፤ ጽዋው ወደ ቤቱ ይላክለታል። ከዚያ የቀበሌው ስብሰባ ይቀራል፤ የተወሰነው ማታ ይነገረዋል። ጠላው ይመጣለታል፤ ወሬው ይመጣለታል፤ እርሱ ግን ወደ ማንም አይሄድም። የሚደረግለት ሁሉ የሚደረግለት በፍቅር ነው፤ የነገሩም ክብደት እዚህ ላይ ነው። ጠላት ያሰረው ሰው “ፍቱኝ” ብሎ ሊጮኽ ይችላል፤ ወዳጅ ያሰረው ሰው ግን የሚጮኽበት አፍ የለውም፤ ቢጮኽም ውለታ ቢስ ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም ይገባዋል። ነፃነት ማለት በማንም አለመደገፍ ነው ብሎ የሚያምን ሰው፣ እግር የሌለው ሰው መቼም ነፃ ሊሆን አይችልም ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በጥንቱ ዘመን ንጉሡም፣ መስፍኑም፣ ጳጳሱም በጋይንት መንገድ ሲያልፉ በእግራቸው አልነበረም። በቅሎ ትሸከማቸዋለች፤ አንዱ ሎሌ ልጓም ይስባል፤ ሌላው ግራና ቀኝ ይደግፋል፤ ድንኳኑን የሚጭነው፣ የሚተክለውና የሚነቅለው ሌላ ሰው ነው። ይሁንና ታሪክ ጸሐፊው “ተነሡ፣ ሄዱ፣ ሰፈሩ” ይላል እንጂ “ተወሰዱ” አይልም። እግር የሌለው ገበሬ በዚያችው በቅሎ ላይ ቢቀመጥ ግን የሰፈሩ ወሬ “ወሰዱት” ይሆናል። በቅሎዋ አንድ ናት፤ መንገዱም አንድ ነው፤ የሁለቱም እግር መሬት አልነካም። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? “ወዴት እንሂድ? መቼ እንነሣ? የት እንደር?” ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ማን ነው የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ የመሄድ ምንጩ እግር ሳይሆን ፈቃድ ነው። እግር የፈቃድ አንዱ መሣሪያ ነው፤ በቅሎም መሣሪያ ናት፤ መኪናና ተሽከርካሪ ወንበርም እንዲሁ። መሣሪያ ይለዋወጣል፤ ፈቃድ ግን ከሰውየው እጅ ከወጣ ምትክ የለውም።

ይህ ከተባለ በኋላ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሁለቱም በችኮላ የሚታለፉ አይደሉም።

የመጀመሪያው የቅንጦት ክስ ነው። በባለጸጋ አገሮች እግራቸውን ያጡ ሰዎች ፍሬኑና ነዳጅ መስጫው በእጅ እንዲሠራ ተደርጎ የተለወጠ፣ አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ይዘው በረሃና ተራራ ይገባሉ፤ ድንኳን ተክለው፣ እሳት አንድደው ያድራሉ። ይህን ለጋይንትና ለስማዳ ማውራት ቀልድ አይደለምን? ድርቅ ደጋግሞ በመታቸው፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሴፍቲኔት ፕሮግራም በተዘረጋባቸው ወረዳዎች ውስጥ፣ ሙሉ አካል ያለው ሰው እንኳ ዓመቱን ለመድረስ በሚጨነቅበት አገር፣ እግር የሌለው ሰው ሽርሽር ይገባዋል ማለት የጠገበ ሰው ወሬ አይሆንምን?

በዚህ ክስ ውስጥ እውነት አለ። የላንድክሩዘር ዋጋ የአንድን ጎጥ የዓመት ቀለብ ይበልጥ ይሆናል። ነገር ግን ክሱ ሁለት ነገሮችን ይቀላቅላል፤ መኪናንና ጉዞን። መኪና ቅንጦት ሊሆን ይችላል፤ ጉዞ ግን በዚህ አገር መቼም የባለጸጋ ንብረት ሆኖ አያውቅም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ለድጓ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ ሲሄድ ስንቁ ጥቂት ነበር። የመስከረም 21ን በዓል ለማክበር ወደ ግሸን ማርያም የሚጎርፈው ምእመን አብዛኛው ድኻ ነው፤ ሜዳ ላይ ያድራል፤ ብርድ ይመታዋል፤ ሲመለስ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚያወራው አለው። “ከተማ” የሚለው ቃል እንኳ “ከተመ” ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ጥንት የሚጠራበት የንጉሡ ሠራዊት ድንኳን ተክሎ የሚሰፍርበትን ቦታ ነበር። ውጭ ማደር ለዚህ ሕዝብ ከባሕር ማዶ የመጣ ጨዋታ አይደለም። ጉዞ ድኻ ካለው ጥቂት ሀብት አንዱ ነው። እንግዲህ እግሩን ካጣው ገበሬ ላይ ጉዞን መንሣት ቅንጦትን ማስቀረት ሳይሆን፣ ከጎረቤቶቹ ጋር በእኩልነት የነበረውን ሀብት መውረስ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ አገሩ መንገድ መሥራት ያቅተዋል የሚለውን ሰበብ ታሪክ ይቃወመዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ይዘው በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሡ። በጋይንት በኩል፣ በጨጨሆ አድርገው፣ ዋድላንና ደላንታን አቋርጠው፣ የበሽሎን ገደል ወርደውና ወጥተው መቅደላ የደረሱት በዚያው ዓመት መጋቢት ነበር። ለሰው እግር እንኳ የሚያስቸግረው ገደል እየተናደና እየተደለደለ መድፉ በመንኮራኩር ላይ አለፈ፤ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው መካከል ገብተው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ያ መንገድ ሲታሰብ ከኋላው የተቃጠለው ደብረ ታቦር፣ በግዳጅ የጎተተው ሕዝብ፣ ከፊቱም የሚጠብቀው ሞት አብረው ይታሰባሉ፤ ስለዚህ አርአያ ተደርጎ አይወሰድም። ማስረጃ ሆኖ ግን ይቀርባል። ሰባት ቶን ብረት ያሳለፈ ተራራ ሃያ ኪሎ ወንበር አላሳልፍም አይልም። የሚጎድለው የተራራው ፈቃድ አይደለም፤ የሰው ፈቃድ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ፣ በቴዎድሮስ አደባባይ የመድፉ አምሳያ ቆሟል፤ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መንገዱን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ምናልባት ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ይሆናል፤ መድፉን ያከበረ ትውልድ መንገዱን ረሳ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይልቅ የረቀቀ ነው፤ የሚመጣውም ከቅርብ ዘመድ አፍ ነው። “ይጎዳል፤ ይወድቃል፤ ቤቱ ተቀምጦ ቢጦር አይሻለውም?” ይላል። ይህን የምትለው እናት ልትሆን ትችላለች፤ የእናትን ሥጋት መናቅ ደግሞ ድፍረት ነው። ይሁን እንጂ ሥጋት ሕግ ሲሆን ምን እንደሚመጣ የኔፓል ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ የኔፓል መንግሥት ሁለት እግራቸው የተቆረጠና ዓይነ ሥውራን የሆኑ ሰዎች ኤቨረስትን እንዳይወጡ ከለከለ፤ ምክንያቱም የሞት አደጋን ለመቀነስ የሚል ነበር። በማግሥቱ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክልከላውን ሻረው። አፍጋኒስታን ውስጥ ፈንጂ ሁለት እግሮቹን ከጉልበት በላይ የወሰደበት ሃሪ ቡድሃ ማጋር የተባለ ኔፓላዊ የቀድሞ ወታደር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ጫፉ ላይ ደረሰ። ሙሉ አካል ያላቸው ሰዎች በዚያ ተራራ ላይ በየዓመቱ ይሞታሉ፤ ማንም ግን “እግር ያለው ሰው አይውጣ” ብሎ ደንብ አላወጣም። እንግዲህ ክልከላው ያነጣጠረው አደጋውን ሳይሆን ሰውየውን ነበር። አደጋን መዝኖ መድፈር የሰው ክብር አንዱ ክፍል ነው፤ ይህን ክፍል ለአንዱ ፈቅዶ ለሌላው መከልከል ጥበቃ መስሎ የሚታይ አድልዎ ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን እስከ ኔፓል መሄድ አያስፈልግም። በሮምና በቶኪዮ ማራቶንን በተከታታይ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ። በሐምሌ 1962 ዓ.ም. በዚያው በስቶክ ማንዴቪል በሚደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ ውሾች በሚስቡት መንሸራተቻ 25 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ተወዳደረና አሸነፈ። ብዙ ሰው የሮሙን አበበ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ያስታውሰዋል፤ የኖርዌዩን አበበ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን ከሁለቱ የሚበልጠው የኖርዌዩ ነው። አበበ ያን ቀን መንገድ በሌለበት በረዶ ላይ፣ በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው መሣሪያ ተቀምጦ ነበር። የሳቡት ውሾች ነበሩ። “አበበን ውሾች ወሰዱት” የሚል ሰው አለን? የለም፤ “አበበ አሸነፈ” ነው የሚባለው። አቅጣጫውን የሰጠ እርሱ ነበርና።

እዚህ ላይ ደርሶ የመሣሪያን ነገር ማንሣት ይገባል፤ ፈቃድ ያለ መሣሪያ ምኞት ሆኖ ይቀራልና። ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠራ ተሽከርካሪ ወንበር የፊት ጎማዎቹ ትንንሽና ጠባብ ናቸው፤ ለስላሳ ወለል ላይ በቀላሉ ይዞራሉ። ያው ወንበር የስማዳ ኮረት ላይ ሲደርስ ጎማው በድንጋይ መካከል ይቀረቀራል፤ ወንበሩ ወደ ፊት ይደፋል፤ የተቀመጠበትም ሰው አብሮ ይወድቃል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወንበሩ ከቤት ጥግ ቆሞ ዶሮ ያድርበታል። ሰጪው መስጠቱን አስታውሷል፤ ፎቶግራፉም ተነሥቷል፤ የተለካው ግን የሰጪው ቸርነት እንጂ የመንገዱ ዳገት አልነበረም። ራልፍ ሆችኪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ ራሱም በሞተር ብስክሌት አደጋ ምክንያት በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ኒካራጓ ውስጥ አራት ወጣቶች አንዲት ወንበር በጋራ ሲጠቀሙ አገኘ። ስጦታ አምጥቶ አልሄደም፤ የወንበሩን ጉድለት ከማንም ይልቅ የሚያውቁት ከሚቀመጡበቱ ሰዎች ጋር ሠራ። ከዚያ በተጀመረው ሥራ የተገኘው ወንበር የፊት ጎማዎቹ ሰፋፊ ላስቲክ ናቸው፤ ወደ ፊት ራቅ ብለው የተተከሉ ስለሆኑ ድንጋይ ሲነካ በቀላሉ አይደፋም፤ የኋላ ጎማዎቹ የብስክሌት ጎማዎች በመሆናቸው ብስክሌት ጠጋኝ ሊያድሳቸው ይችላል።

ሰው ሠራሽ እግርም እንዲሁ ነው። ጫማ ለብሶ በእግረኛ መንገድ ለሚሄድ፣ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው የተሠራ እግር፣ ቁጢጥ ብሎ ለሚያርም፣ ጭቃ ለሚረግጥ ገበሬ አይሆነውም። ሕንድ አገር በጃይፑር ከተማ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ራም ቻንድራ ሻርማ የተባለ የእጅ ባለሙያ ከሐኪሙ ከፒ. ኬ. ሴቲ ጋር ሆኖ በላስቲክ የሠራው እግር ዝነኛ የሆነው ለዚህ ነው፤ በባዶ እግር ያስኬዳል፤ ቁጢጥ ያስብላል፤ የሩዝ ማሳ ውኃ ውስጥ ያስገባል። የሐኪሙ ዕውቀትና የእጅ ባለሙያው ጥበብ ባይገናኙ ኖሮ ያ እግር አይወለድም ነበር። ከዚህም በላይ ሰው ሠራሽ እግር አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የሚያድግ ልጅ በየስድስት ወሩ ገደማ፣ አዋቂ ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር አለበት፤ በመካከሉም ጥገና ይሻል። አገልግሎቱ ያለው እንደ ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ደሴ ባሉ ከተሞች ነው። ከወገዳ ወይም ከዐርብ ገበያ ወዲያ ካለ ቆላ ቀበሌ ለሚነሣ ሰው ይህ ማለት እግር ለማግኘት አስቀድሞ እግር ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ሕግ በበኩሉ ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ይደነግጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ያዛል። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አጽድቃለች፤ ይህም ስምምነት በአንቀጽ 30 በባህል፣ በመዝናኛና በስፖርት መሳተፍን ከመብቶች ተራ ያስገባል። ይሁንና የሕንፃ ሕግ የሚናገረው ስለ በርና ስለ ደረጃ ነው። በስማዳ ደረጃው ተራራው ራሱ ነው፤ በሩም የወንዙ መሻገሪያ ነው። እዚያ ሕጉን የሚተረጉመው አናጺው ሳይሆን የቀበሌውን የእግር መንገድ የሚቀይሰው ሰው ነው።

ይህ ደግሞ ወደ አንድ ተጨባጭ ነገር ያደርሳል። በሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሥር የሚታቀፉ ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ፤ መሥራት የሚችሉት በሕዝባዊ ሥራ ላይ ተሰማርተው እርከን ይሠራሉ፣ የቀበሌ መንገድ ይጠርጋሉ፤ መሥራት የማይችሉት ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣቸዋል። ክፍፍሉ ርኅራኄ ያለበት ነው፤ እግር የሌለውን ሰው “ድንጋይ ካልተሸከምክ እህል የለህም” ማለት ግፍ ይሆን ነበር። ነገር ግን ከዚህ መልካም ክፍፍል አንድ መጥፎ ልማድ ሊወለድ ይችላል። መንገዱን የሚሠሩት እግር ያላቸው ብቻ ከሆኑ፣ የሚቀይሱትም እነርሱ ብቻ ይሆናሉ፤ እግር ያለው ሰው ደግሞ አቋራጭ ይወዳል፤ አቋራጭም ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ድንጋይ መሸከም ያልቻለው ሰው ግን መንገዱ በየት በኩል ቢዞር ዳገቱ እንደሚበርድ ከሁሉም በላይ ያውቃል፤ በየቀኑ ከደጁ ተቀምጦ ያየዋልና። እርሱን መጠየቅ ገንዘብ አይፈጅም። ደግሞም ለእርሱ ተብሎ የተዞረው መንገድ ለእርጉዟ፣ ለሽማግሌው፣ ለተጫነችው አህያ፣ ለራሱም ለቃሬዛው ይቀናል። “ለጥቂት ሰው ሲባል” የሚለው ሰበብ እዚህ ላይ ይፈርሳል።

ይህ ሁሉ ኪነ ጥበብን አይመለከትም የሚል ካለ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል ይመልከት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በጸሎት ብዛት አንድ እግራቸው ተቆርጦ፣ ገድላቸው እንደሚተርከው ስድስት ክንፍ ተሰጥቷቸው ይሣላሉ። ሠዓሊው የተቆረጠውን እግር አልደበቀውም፤ ከሥዕሉ ፊት አጋድሞ አሳይቶታል። ሕዝቡ ይህን ሥዕል ለዘመናት ሲሳለም ኖሯል። ከደጀ ሰላሙ ሲወጣ ግን አንድ እግሩን ያጣው ጎረቤቱ ለምጽዋት ተቀምጦ ያገኘዋል፤ ሳንቲም ይጥልለትና ያልፋል። በሥዕሉ ላይ እግር ያጣ ሰው ክንፍ አለው፤ በደጁ ላይ ያለው ግን እጅ ብቻ ነው ያለው፤ እርሱም የተዘረጋ። ይህን ክፍተት የፈጠረው ሃይማኖት አይደለም፤ የማየት ልማድ ነው። ልማድን መስበር ደግሞ የከያኒ ሥራ ነው።

ቴአትራችን በዚህ ረገድ ብዙ ዕዳ አለበት። ባለ ምርኩዝ ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ ወይ ለማኝ ነው፣ ወይ መሳቂያ ነው፣ ወይም የአንድ ኀጢአት ቅጣት ምልክት ነው። አንድ ቦታ ለመሄድ የተነሣ፣ መንገድ ላይ የተጣላ፣ የወደደ፣ የተሳሳተ፣ ደርሶም የተጸጸተ ሰው ሆኖ የሚቀርብበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለ አበበ ቢቂላ ሕይወት እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው “አትሌቱ” የተሰኘው ፊልም ከሮም ድል አልፎ የኖርዌይን በረዶ ማሳየቱ በዚህ ረገድ የሚመሰገን ነው። የአብነት ትምህርት ቤትም አንድ ምሳሌ ይሰጣል። ዓይነ ሥውራን ተማሪዎች በቃል ተምረው መምህራን እስከ መሆን የደረሱት ሌላው ስላዘነላቸው ብቻ አይደለም፤ የትምህርቱ ሥርዐት በጆሮና በቃል የሚሄድ ስለነበረ ዓይን ማጣት ከመንገዱ አላስወጣቸውም። እንግዲህ ጉዳት ምን ጊዜም ከሁለት ነገሮች መገናኘት ይመጣል፤ ከሰውየው ጉድለትና ከሥርዐቱ ጉድለት። የመጀመሪያውን መመለስ ብዙ ጊዜ አይቻልም። ሁለተኛው ግን የሰው ሥራ ነው፤ የሰው ሥራም ይታረማል።

ታዲያ ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ቃሬዛው ብዙ ትከሻ ያለው ነው። መምህሩ፣ ከቤት የቀረውን ተማሪ ስም ከመዝገብ ከመሰረዙ በፊት መንገዱን ሄዶ ማየት አለበት። ካድሬው፣ የቀበሌው መንገድ ሲቀየስ ማን እንዳልተጠየቀ መጠየቅ አለበት። ብረት ሠሪውና አናጺው፣ የጋይንትን ዳገት የሚያውቅ ወንበርና ለበቅሎ የሚሆን፣ ወገብ የሚደግፍ ኮርቻ መሥራት ይችላሉ፤ የሚጠይቃቸው ይፈልጋሉ። ከያኒው ደግሞ ኅብረተሰቡ “ተወሰደ” ያለውን ሰው “ሄደ” ብሎ መጻፍ መጀመር አለበት። ይህ ሁሉ በአንድ በጋ አያልቅም፤ “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” እንዲሉ ነው።

ቃሬዛውም ቢሆን ይቅር የሚል የለም። ተሽከርካሪ ወንበር የማይደርስበት ገደል ገና ብዙ ዘመን ይኖራል፤ ትከሻም ያስፈልጋል። ነገር ግን ከዚያው ቃሬዛ ጋር መለወጥ የሚችል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ከመነሣት በፊት የሚነገረው ቃል ነው። እስከ ዛሬ ጎረምሶቹ እንጨቱን ሲያነሡ እርስ በርሳቸው “ወዴት እንውሰደው?” ሲባባሉ ኖረዋል። ወደ ተኛው ሰው ዞር ብለው “አያ፣ ወዴት መሄድ ይፈልጋሉ?” ያሉ ቀን፣ እንጨቱ ያው፣ ትከሻውም ያው፣ ዳገቱም ያው ሆኖ ሳለ፣ ግሡ ይለወጣል።